ከስልክ እንጨት እስከ ሞባይል ማማ፦ የሐረር የመገናኛ ታሪክ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራም መስመር የተዘረጋው በአዲስ አበባና በሐረር መካከል ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራው ይህ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክም የሚቆጠረው ሥራው ከታሰበበት ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ130 በላይ ዓመታት ሐረር ሽቦን፣ የሬዲዮ ሞገድን፣ ማይክሮዌቭንና ሞባይልን በየተራ ተቀብላለች። ከተማዋ ከባሕር ወደ መሃል አገር በሚወስደው መንገድ ላይ መገኘቷ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው።

ከሽቦው በፊት

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ወደ ሐረር የሚመጣ ወሬ ከሰውና ከእንስሳት እግር አይፈጥንም ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ፣ ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች በሚነሣው የቅፍለት መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቅና የጦር መሣሪያ ወደ ደጋው ይወጣል። ደብዳቤም የሚሄደው ከዚሁ ጭነት ጋር ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንግድ ሥራ ወደ ሐረር በመጣበት በ1873 ዓ.ም. የሶማሌን በረሃ በፈረስ ለማቋረጥ 20 ቀን እንደፈጀበት ለቤተሰቡ ጽፏል።

ሐረር ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በግብፆች እጅ ቆየች። ከዚያም ለአጭር ጊዜ በአሚር አብዱላሂ ተዳደረች። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማዋን ያዙና አስተዳደሯን ለአክስታቸው ልጅ ለመኮንን ወልደ ሚካኤል፣ ኋላ ለራስ መኮንን፣ ሰጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐረር የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ ውጭው ዓለም የሚወጣባት ዋና በር ሆነች። ከአውሮፓ የሚመጡ መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና የጦር መሣሪያ የሚገቡት በእርሷ በኩል ነው። ራስ መኮንንም ከአውራጃ ገዥነታቸው በላይ የውጭ ጉዳይ አማካሪና ተደራዳሪ ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱና በእርሳቸው መካከል ግን የሳምንታት መንገድ ነበር። አንድ ጥያቄ ተልኮ መልሱ እስኪመለስ ነገሩ ራሱ ሊለወጥ ይችላል። መንግሥቱ ከሁሉ በፊት ሐረርን በሽቦ ለማገናኘት የተጣደፈው ስለዚህ ነው።

የስልክ እንጨትና ሽቦ

1886 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መገናኛ የመነሻ ዓመት ሆነ። የፖስታ አገልግሎት የተመሠረተው በዚያ ዓመት ነው። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ፈቃድ ያገኘውም በዚሁ ዓመት ነበር። ፈቃዱ ከሐዲዱ ጋር የቴሌግራም መስመር መዘርጋትንም ይጨምር ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ወዲያው የመጣው የጣሊያን ጦርነት ግን የብዙውን ሥራ ጊዜ ገፋው። የሐረር መስመር እንጨት በስፋት የተተከለውና ሽቦው የተወጠረው ከአድዋ ድል በኋላ ነው፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ግድም ባሉት ዓመታት ተከናውኖ ተጠናቀቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኘው ሁለተኛው ትልቅ መስመር ተዘረጋ።

የመስመሩ አሠራር ቀላል ነበር። በእንጨት ምሰሶ ላይ የተወጠረ ሽቦ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይዞ ይሄዳል። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ስለሚደክም በየመካከሉ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ የጣቢያው ስልከኛ የሰማውን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ጣቢያ ያስተላልፋል። በዚያ ዘመን ቴሌግራም በዓለም ላይ የሚሠራው በሞርስ ምልክት ነበር። የሞርስ ምልክት ለ26ቱ የላቲን ፊደላት የተዘጋጀ በመሆኑ ከ200 በላይ ቅርጽ ላለው የአማርኛ ፊደል አልተመቸም። በአማርኛ የሚላክ መልእክት ስለዚህ በቃል እየተነገረ በስልክ ይተላለፍና በማዶ ያለው ስልከኛ እየሰማ ይጽፈው ነበር። በሌሎች አገሮች ቴሌግራም ቀድሞ ስልክ ኋላ ሲከተል፣ በኢትዮጵያ ስልኩ ከመጀመሪያው የመንግሥት ዋና መሣሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መስመሩን ማቆየት ከመዘርጋቱ ይከብድ ነበር። ምስጥ እንጨቱን ከሥር ይበላዋል፤ ዝናብና ነፋስ ይጥለዋል፤ የዱር እንስሳት ይታከኩበታል። ሽቦው ለጌጥና ለቤት ዕቃ ስለሚጠቅም የሚቆርጠውም አልጠፋም። አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ መላው መስመር ዝም ይላል። ጠጋኞች በበቅሎና በእግር እየሄዱ የተበጠሰበትን ቦታ ፈልገው እስኪቀጥሉት ድረስ መልእክት እንደ ጥንቱ በእግረኛ ይላካል።

የባቡሩ ጉዳይ የሐረርን ዕድል በሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ሐዲዱን በሐረር ተራሮች ላይ ማሳለፍ ብዙ ወጪ ስለጠየቀ ኩባንያው በቆላው በኩል እንዲያልፍ አደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር በስተ ሰሜን ምዕራብ በቆላው ላይ በተቆረቆረችው በድሬዳዋ ቆመ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከሐዲዱ ጎን የሚሄደው የቴሌግራም መስመር ድሬዳዋን ከጅቡቲ ጋር ሲያገናኛት የምሥራቁ የንግድ ማዕከልነት ቀስ በቀስ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ። ሐረር ግን የአውራጃው መቀመጫ ሆና ቀጠለች። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ካረፉ በኋላ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ ልጃቸው ደጃዝማች ተፈሪ አስተዳደሯት። የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን መውረዳቸው ሲታወጅ እርሳቸው ሐረር ነበሩ። ሁለቱ ከተሞች በፖለቲካ ረገድ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደነበሩ ይህ ያሳያል።

የሬዲዮ ሞገድ

የሐረር ሽቦ በሚወጠርበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሽቦ የማይፈልግ መገናኛ እየተወለደ ነበር። ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ መልእክት በሞገድ መላክ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻገረ። ሞገድ የሚለካው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ተቆጥሮ ነው፤ መለኪያውም በኸርዝ ስም ተሰየመ። አንድ ሚሊዮን መርገብገብ አንድ ሜጋ ኸርዝ ይባላል።

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ የገባችው በ1920ዎቹ ነው። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ከአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ የሠራው የሬዲዮ ጣቢያ በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ሕዝብ ንግግር ያደረጉት በዚህ ጣቢያ በኩል ነው።

ጦርነቱ ሐረርን ክፉኛ ጎዳት። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ ሚያዝያ 30 ቀን የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ገባባት። ነፃ የወጣችው ከአምስት ዓመት ግድም በኋላ፣ መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጦርነት የሽቦ መገናኛን ድካም ያጋልጣል፤ አንድ ምሰሶ መጣል መላውን መስመር ያቋርጣልና። ሞገድ ግን በመንገዱ ላይ የሚቆረጥ ነገር የለውም።

ከነፃነት በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት የሬዲዮ ስርጭት ወደ አውራጃዎች ሲስፋፋ ሐረር ከዋነኞቹ የማሰራጫ ቦታዎች አንዷ ሆነች። በዚያ የተተከለው የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ በ855 ኪሎ ኸርዝ ይሠራ ነበር። በዚህ ድግግሞሽ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 350 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው ረጅም ሞገድ የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ ኮረብታና ሸለቆ እያለፈ ሰፊ አገር ያዳርሳል። የሐረርጌን ደጋና የኦጋዴንን ሜዳ ከአንድ ቦታ ለመድረስ የተመረጠውም ለዚሁ ባሕርይው ነው።

የማዞሪያው ዘመን

የዘመናዊው ቴሌኮሙኒኬሽን ተቋማዊ መሠረት የተጣለው በ1945 ዓ.ም. ነው። በዓለም ባንክ የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር በታገዘ የጥገናና የማስፋፋት ሥራ ላይ ሳለ መንግሥት የስልኩን አገልግሎት ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ለይቶ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድን አቋቋመ። ቦርዱ የራሱ ገቢና አስተዳደር ነበረው።

በዚያ ዘመን ስልክ መደወል የሌላ ሰው እጅ ይጠይቅ ነበር። ደዋዩ እጀታውን ሲያዞር ማዞሪያ ቤት ያለችው ሠራተኛ ታነሣለች፤ የሚፈልገውን ሰው ስም ወይም ቁጥር ሰምታ ሁለቱን መስመሮች በገመድ ታገናኛለች። የሩቅ ጥሪ ሲሆን ተራ መጠበቅ ግድ ነበር፤ በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ የሚያልፈው ንግግር ጥቂት ነውና። ሐረሪዎች ከ1940 ዓ.ም. የፖለቲካ ግጭት በኋላ በብዛት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሄዱ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገሮች፣ ወደ ሰሜን አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ሲሰደዱ፣ ይህ የሩቅ ጥሪ በየቤቱ የሚናፈቅ ነገር ሆነ።

ሽቦውን ቀስ በቀስ የተካው ማይክሮዌቭ ነው። ማይክሮዌቭ በጣም አጭር ሞገድ በመሆኑ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ላኪውና ተቀባዩ መተያየት አለባቸው። ተራራ የሞላበት አገር ላይ ይህ ችግርም ጥቅምም አለው። ተራራው መንገድ ይዘጋል፤ አናቱ ላይ ማማ ከተተከለ ግን አንዱ ማማ ከሌላው በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ይተያያል። በእንዲህ ያለ የማማ ሰንሰለት ላይ ከአንድ ጥንድ ሽቦ እጅግ የሚበልጡ ንግግሮች በአንድ ጊዜ ያልፋሉ፤ የሚበሰብስ እንጨትም የለም። በ1971 ዓ.ም. የሱሉልታው የሳተላይት ጣቢያ ሥራ ሲጀምር የውጭ አገር ጥሪም በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረ።

ድርጅቱ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። በ1973 ዓ.ም. ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሕዝቡ ግን በየዘመኑ የሚጠራው «ቴሌ» በሚለው አጭር ስም ነው። የምሥራቁ መለያ ቁጥር 05 የነበረው በመስከረም 1998 ዓ.ም. ቁጥሮች ሁሉ ሲለወጡ 025 ሆነ፤ ሐረርና ድሬዳዋ እስከ ዛሬ ይጋሩታል።

ሞባይልና ትውልዶቹ

የሞባይል ስልክ መሠረተ ሐሳብ አገሩን በትንንሽ ክልሎች መከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ማማ አለው፤ አንድ ድግግሞሽ በአንዱ ክልል ሥራ ላይ እያለ ራቅ ባለው ሌላ ክልል እንደገና ያገለግላል። ተናጋሪው ከክልል ክልል ሲሻገር ማማዎቹ ንግግሩን እየተቀባበሉ ያደርሱታል። የመጀመሪያው ትውልድ ድምፅን እንዳለ በሞገድ ላይ የሚጭን ነበር። ሁለተኛው ትውልድ፣ ጂ.ኤስ.ኤም.፣ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ የሚልክ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ሥራ ጀመረ።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ትውልድ ዘልላ በቀጥታ ከሁለተኛው ጀመረች። አገልግሎቱ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት የመቀበል አቅሙ 36,000 ደንበኛ ነበር። በዚህ ጊዜ መነሻው ምሥራቁ አልነበረም፤ ሐረርና ድሬዳዋ ከሌሎች የክልል ከተሞች ጋር ተራቸውን ጠብቀው አገኙት። በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር በተደረገው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ኔትወርኩ በመላ አገሪቱ ሰፋ። ሽቦ ላልደረሰበት ቀበሌ የሲ.ዲ.ኤም.ኤ. ገመድ አልባ ስልክ መጣ፤ ሦስተኛው ትውልድም ኢንተርኔትን በእጅ ስልክ ላይ ይዞ ተከተለ። በ2005 ዓ.ም. ከሁዋዌና ከዜድ.ቲ.ኢ. ጋር 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሌላ የማስፋፊያ ውል ተፈረመ። አራተኛው ትውልድ በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ወደ ክልል ከተሞች በስፋት የወጣው ግን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን ምሥራቁም በዚሁ ጊዜ ተዳረሰ።

ሐረር ውስጥ በነዚህ ትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት በግድግዳ ላይ ይፈተናል። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን የሚያቅፈው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ነው። በውስጡ ቤቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተዋል፤ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የጥንቱ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ፣ መስኮቱም ጥቂት ነው። የሁለተኛው ትውልድ ዋና ድግግሞሽ 900 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሦስተኛው ትውልድ የሚጠቀምበት የ2,100 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ 14 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የከበሮ ወፍራም ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ሲሰማ የዋሽንቱ ቀጭን ድምፅ እንደሚቀር ሁሉ ረጅሙ ሞገድ ግድግዳ ሰብሮ ለመግባት ከአጭሩ ይሻላል። በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ጥሪ ተቀብሎ እያወራ ያለ ስልክ ኢንተርኔት ሲከፈትበት የሚያዘግመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከፍ ያለው ድግግሞሽ በፋንታው ሰፊ የሞገድ ቦታ ይሰጣል፤ ሰፊ ቦታ ማለት ብዙ መረጃ በአንዴ ማሳለፍ ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ትውልድ አሮጌውን አያስወግደውም። በአንድ ማማ ላይ ለድምፅና ለሩቅ ሽፋን ዝቅተኛው፣ ለኢንተርኔት ከፍተኛው ድግግሞሽ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ዋይፋይ ደግሞ በ2,400 ወይም በ5,000 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በትንሽ ኃይል የሚሠራ የቤት ውስጥ መገናኛ ነው፤ ማከፋፈያው ከግድግዳው ወዲህ ስለሚቀመጥ የማማው ሞገድ የማይደርስበትን ጓዳ ይሸፍናል።

ንግዱም በዚሁ ተለውጧል። በሐረር አቅራቢያ የምትገኘው አወዳይ ትልቅ የጫት ገበያ ናት። ጫት ሳይጠወልግ መድረስ ያለበት ሸቀጥ ነው፤ የዕለቱ ዋጋና የመኪናው መነሻ ሰዓት ከጅግጅጋና ከድንበር ማዶ ካለው ገዢ ጋር የሚቆረጠው በስልክ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ሒሳቡም በዚያው ስልክ መተላለፍ ችሏል።

ሁለተኛው ኩባንያ

ከ120 ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ብቻ የቆየው አገልግሎት በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው የኩባንያዎች ስብስብ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሁለተኛውን ፈቃድ አገኘ። ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ የከፈተው በዋና ከተማዋ አልነበረም፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነው። ቀጥሎ ሐረርና ሐረማያ ተጨመሩ። አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱ በይፋ የተጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። የሐረር ነዋሪ ከ09 ሌላ በ07 የሚጀምር ቁጥር የመምረጥ ዕድል ከዋና ከተማው ሕዝብ ቀድሞ አገኘ። ኢትዮጵያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር ከሚያገናኟት ዋና ዋና የፋይበር መስመሮች አንዱም ከጅቡቲ የባሕር ኬብሎች ተነሥቶ በዚሁ በምሥራቁ በኩል ይገባል። ከቅፍለቱ ዘመን ጀምሮ ሐረርን ያነሣት የመልክዓ ምድር አቀማመጥ በፋይበሩ ዘመንም አልጠፋም።

መገናኛና ቅርስ

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የአውልያ መቃብሮች ይገኛሉ፤ ነዋሪውም በየቤቱ ይኖራል። ስልክ፣ መብራትና ኢንተርኔት ለዚህ ነዋሪ የሚገባው መብት ነው። የተዝረከረከ ሽቦ፣ በጥንታዊ ጣሪያ ላይ የሚደረደር ዲሽና ያለ ጥንቃቄ የሚተከል አንቴና ግን ቅርሱን ያበላሻሉ። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ገመዱን ከመሬት በታች መቅበር፣ ማማውን ከግንቡ ውጭ ማቆም፣ ትንንሽ አንቴናዎችን ከግድግዳው መልክ ጋር አስማምቶ ማኖር በሌሎች ጥንታዊ ከተሞች የተሠራበት መንገድ ነው። ከተማዋን የሚያስተዳድሩት ክፍሎችና ሁለቱ ኩባንያዎች ይህን በጋራ ዕቅድ ሊይዙት ይገባል።

የመጀመሪያው መስመር ታሪክም እንደ ግንቡ ጥበቃ ይፈልጋል። አሮጌ ስልኮች፣ ማዞሪያዎች፣ የመስመር ካርታዎችና የጣቢያ መዝገቦች ሳይጠፉ ተሰብስበው ከከተማዋ ሙዚየሞች በአንዱ ቢቀመጡ ወጣቱ ትውልድ በኪሱ የያዘው መሣሪያ በአገሩ ከየት እንደ ጀመረ ያያል። የአገሪቱን የመጀመሪያ የስልክ መስመር የተቀበለች ከተማ ይህን ታሪክ ለማሳየት ከማንም በላይ የተገባች ናት።